አንሲ ለመጀመሪያ ጊዜ፦ ስድስት ቀን፣ አንድ ባጅ፣ ምን ልይ?

#1 ብሌን_2ዲ
ሜይ 19

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ሳነብ ኖሬ ገና ዛሬ መጻፌ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ፈረንሳይ አገር፣ አንሲ ከተማ የሚደረገውን የአንሲ ዓለም አቀፍ የአኒሜሽን ፊልም ፌስቲቫል ባጅ (የመግቢያ ካርድ) ገዛሁ። ቪዛ ወጣ። መኝታም ተገኘ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ግን አውቶቡስ አለ። ሥራዬ 2ዲ አኒሜሽን ነው። ለሕፃናት ተከታታይ ፊልም እንሠራለን። እኔ ቀኑን ሙሉ አንድ ጥንቸል ሳስሮጥ ነው የምውለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጥንቸል ጋር!

ፕሮግራሙን ስከፍተው ግን ፈዝዤ ቀረሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ስድስት አዳራሽ የተለያየ ነገር ያሳያል። ረጅም ፊልም፣ አጭር ፊልም፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ፊልም፣ የቴሌቪዥን ሥራ፣ ማስታወቂያ፣ ገና እየተሠራ ያለ ፊልም የሚታይበት ዝግጅት። በዚያ ላይ ስቱዲዮዎችና የፊልም ሰዎች ለሥራ የሚገናኙበት ገበያው አለ።

ሐሳቤ ትልልቆቹን ረጅም ፊልሞች ማየት ነበር። በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ ፖርትፎሊዮዬን (የሥራ ናሙናዬን) ይዤ ገበያው ውስጥ ልዞር። የሄዳችሁ ሰዎች ምን ትላላችሁ? ደግሞስ እዚያ ሰው የወረቀት አውሮፕላን ይወረውራል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ቀልድ?

#2 ባለ12
ሜይ 19

እንኳን ደስ አለሽ! አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አምስተኛውን ዘንድሮ አልቻልኩም፣ ስለዚህ በቅናት ነው የምጽፍልሽ።

አውሮፕላኑ እውነት ነው። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ሰው ያገኘውን ወረቀት ያጥፍና ወደ መድረኩ ይለቃል። መድረክ ላይ የደረሰ አውሮፕላን ይጨበጨብለታል። አየር ላይ ተገልብጦ የወደቀ ደግሞ አዳራሹ በሙሉ ያዝንለታል። የፊልም ዳይሬክተርም ተማሪም አብሮ ነው የሚወረውረው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ባጅ አለሽ ማለት ወንበር አለሽ ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ዝግጅት በኢንተርኔት ቦታ ታስይዣለሽ። ማስያዣው የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ሰዓቱ የፈረንሳይ ነው። ሰው የሚሻማባቸው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃሉ። ካላገኘሽ ግን አታልቅሺ፤ በር ላይ ያላስያዙ ሰዎች የሚቆሙበት ወረፋ አለ። አስይዞ የቀረ ሰው ሁሌም አይጠፋም። እኔ ካየኋቸው ምርጥ ፊልሞች ግማሾቹን በዚያ ወረፋ ነው የገባሁት።

ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ ረጅሞቹን ተዪያቸው። ሁሉንም አላልኩም፤ አንድ ሁለት እይ። ቀሪውን ለአጫጭሮቹ ስጪ። ረጅሙ ፊልም ጥቂት ወር ቆይቶ ሲኒማ ቤት ይወጣል ወይም ስልክሽ ላይ ይመጣል። አጭሩ ግን አይመጣልሽም።

#3 ሶፋ_ላይ
ሜይ 20

እኔን የማይገባኝ ይሄ ነው። ለአምስት ደቂቃ ፊልም አገር አቋርጦ መሄድ? ኢንተርኔቱ በአጭር አኒሜሽን ተጥለቅልቋል እኮ። ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ በአንድ ማታ ሃያ አያለሁ። ወረፋ የለ፣ አውቶቡስ የለ።

#4 ባለ12
ሜይ 20

@ሶፋ_ላይ ኢንተርኔት ላይ የምታየው ፌስቲቫሉን ዞሮ ዞሮ የጨረሰውን ነው። ብዙ አጭር ፊልም አንድ ሁለት ዓመት በየፌስቲቫሉ ሲዞር ይቆያል። አንዳንዱ ከዚያ በኋላም ጨርሶ አይወጣም።

ደግሞ ልክ እንደ አንተ ሃያ በአንድ ማታ የሚያይ ሰው የትኛውን ነው እስከ መጨረሻው ያየው? እውነቱን ንገረን እስቲ።

#5 ሶፋ_ላይ
ሜይ 20

...ሦስቱን።

#6 ጭቃ ሹም
ሜይ 21

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? እኔ በሸክላና በአሻንጉሊት የምሠራ ሽማግሌ ነኝ። ስሜም ከዚያው ነው፤ ጭቃ የምሾመው እኔ ነኝ። ብሌን፣ እንኳን ደህና መጣሽ የኔ ልጅ።

አንሲ መጀመሪያ የሄድኩት በየሁለት ዓመቱ በሚደረግበት ዘመን ነው። በየዓመቱ የሆነው ከ1998 ወዲህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።) ያኔ ከተማው ውስጥ የምታገኘው ሰው ሁሉ ፊልም የሠራ ወይም ሊሠራ ያሰበ ነበር። አሁን ባጅ የሚያንጠለጥለው ከ17,000 በላይ ነው ይላሉ። ከተማዋ ግን ያቺው ናት። ሐይቅ፣ ቦይ፣ ድልድይ፣ ከኋላ ተራራ። ሰው በዝቶ ድልድዩ ላይ መተላለፍ ሲያቅት አየሁ።

የአጭር ፊልሙን ነገር ባለ12 ልክ ብሏል፤ ምክንያቱን ግን እኔ ልጨምርበት። ይህ ፌስቲቫል የተወለደው ከአጭር ፊልም ነው። በ1956 ካን ከተማ፣ ከትልቁ የፊልም ፌስቲቫል ጎን፣ የአኒሜሽን ሰዎች ለብቻቸው መሰብሰብ ጀመሩ። በ1960 ጓዛቸውን ጠቅልለው አንሲ ገቡ። በዚያው ዓመት የዓለም አቀፉ የአኒሜሽን ፊልም ማኅበር አሲፋ ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኖርማን ማክላረን ነበር። ማክላረን ካሜራ እንኳ ሳይጠቀም፣ ጥሬው የፊልም ጥቅል ላይ በቀለምና በብዕር በቀጥታ የሚሥል ሰው ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ቤቱን ያቆሙት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ብቻቸውን ወይም ሁለት ሦስት ሆነው፣ በየክፍላቸው ተዘግተው ዓመት ሙሉ የሚለፉ።

ገበያው የመጣው በኋላ ነው፣ በ1985።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። በ2025 የአጭር ፊልሙን ክሪስታል (የፌስቲቫሉን ዋና ሽልማት) የወሰደው የፒዬር ሉክ ግራንዦን ሥራ በስፒል ሰሌዳ የተሠራ ነው። የስፒል ሰሌዳ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አለ?

#7 ብሌን_2ዲ
ሜይ 21

ጋሼ፣ ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ! ስሙን ሰምቼዋለሁ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም። ይንገሩን።

#8 ጭቃ ሹም
ሜይ 21

እሺ። አሌክሳንደር አሌክሴዬፍና ክሌር ፓርከር የሚባሉ ባልና ሚስት በ1930ዎቹ የፈጠሩት ነገር ነው።

ነጭ ሰሌዳ አስቢ፣ ቁመቱ ላይ የቆመ። በላዩ ከ200,000 በላይ ቀጫጭን ስፒል ተሰክቷል፤ እያንዳንዱ ወደፊትም ወደኋላም ይንሸራተታል። ብርሃን ከጎን ይመታዋል። ስፒሉ ወደ ውጭ ሲወጣ ጥላ ይጥላል። ጥላው ከጎረቤቱ ጥላ ጋር ይገጥምና ሰሌዳው ጥቁር ይሆናል። ወደ ውስጥ ስትገፊው ጥላ የለም፣ ነጭ ነው። እኩል ላይ ስታቆሚው ግራጫ ነው። በቃ። ቀለም የለ፣ መስመር የለ። ያለው ጥላ ብቻ ነው። አኒሜተሩ ጠንካራ ነገር ይዞ ከፊት ይጫናል፣ ከኋላ ይገፋል፣ ምስሉ ይወጣል። ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ቀጣዩን ፍሬም (ቀጣዩን አንድ ምስል) ለመሥራት ያንኑ ምስል ያበላሸዋል።

ይሄ ነው ቁም ነገሩ። ወረቀት ላይ ስትሠሪ የትናንቱ ሥዕል ከሥር አለልሽ። ኮምፒውተር ላይ ወደኋላ የምትመልሽበት ቁልፍ አለ። ስፒል ላይ የትናንቱ የለም። ስትሳሳቺ ስሕተቱን ይዘሽ ትቀጥያለሽ።

እኔ በሸክላ መሥራት ያማርራል የምለው ሰው፣ ያንን ሳስብ አፌን በእጄ እይዛለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ትልቅ መጋረጃ ላይ ያላየ ሰው አላየውም። ስልክ ላይ ግራጫው ሁሉ አንድ ጭቃ ይሆናል።

#9 ባለ12
ሜይ 22

ጋሽ ጭቃ ሹም ክሩን ጠቀለሉት 😄

ሂሳቡን ለሶፋው ሰውዬ ላስላለት። ሰከንዱ 24 ፍሬም ነው። የ7 ደቂቃ ፊልም 10,080 ፍሬም ይሆናል። እኛ በእጅ የምንሥለው አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እየያዝን በሰከንድ 12 እንሥላለን፤ ስሜም ከዚያ ነው። ያም ሆኖ 5,040 ሥዕል ነው። አምስት ሺህ ሥዕል ለሰባት ደቂቃ! ያንን የሠራ ሰው አዳራሹ ውስጥ ከኋላሽ ተቀምጦ፣ ሰው የት ላይ እንደሚስቅ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

#10 ፒች_በፒች
ሜይ 22

እኔ ትንሽ ልቃረን። ሁላችሁም ሥራ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ መሰለኝ። ብሌን ጥንቸሏን መገላገል ከፈለገች ገበያውን መናቅ የለባትም።

ገበያው ሚፋ ይባላል። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ትልቅ አሮጌ ሆቴል፣ ኢምፔሪያል ፓላስ ውስጥና ዙሪያ ነው የሚደረገው። ግን እህቴ፣ "ፖርትፎሊዮ ይዤ ልዙር" ያልሽው አያዋጣም። እዚያ ሰው ሁሉ ቀጠሮ አለው፤ ግማሽ ሰዓት ለእከሌ፣ ግማሽ ሰዓት ለእከሊት። ከወዲሁ ጻፊላቸው። ሦስት ሰው ምረጪ፣ ሠላሳ አይደለም። የምታሳዪው ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። ምርጡን ደግሞ መጀመሪያ ላይ አድርጊው፤ መጨረሻውን የሚያይ የለም። ከዚያ ደግሞ ባጅሽ ገበያውን የሚያስገባ መሆኑን አረጋግጪ፤ ሁሉም ባጅ አያስገባም።

እኔ አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው ስቱዲዮ እዚያ አግኝቶኝ በጣም ወደድንሽ አለኝ። ቤት ስመለስ "ሙከራ ሥሪልን" አሉ። አሥር ሰከንድ ትዕይንት፣ ያለ ክፍያ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ላክሁ። እስከ ዛሬ መልስ የለም። እና ሙከራ ሥሪ የሚልሽ ካለ መጀመሪያ ስንት ትከፍላላችሁ በይ። ሳታፍሪ።

#11 የጥላ_ልጅ
ሜይ 23

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። የተማሪዎች መመረቂያ ፊልሞች! ማንም አይሻማባቸውም፣ ወንበር ታገኛለሽ፣ ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው የነገዎቹን የምታዪው። ደንበኛ የለባቸውም፣ የሚፈሩት ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ የድሮ ፊልም ሲያሳዩ አያምልጥሽ። በ2021 ፌስቲቫሉ ለአፍሪካ አኒሜሽን ክብር ሰጥቶ ነበር። የኒጀሩ ሙስጠፋ አላሳን በ1966 እንቁራሪቶችን ተዋናይ አድርጎ ፊልም ሠርቷል። እንቁራሪት ፕሬዚዳንት! ሳየው ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኔ የምሠራው በመቀስና በጥቁር ወረቀት ነው፤ እናቴ የምላት ሎተ ራይኒገር በ1926 በዚሁ መንገድ ረጅም ፊልም የጨረሰች ሴት ናት። እስከ ዛሬ ከቆዩት ረጅም የአኒሜሽን ፊልሞች የመጀመሪያው እሱ ነው። ይህን ሳታውቂ "ጥላ ቀላል ነው" የሚል ሰው ካጋጠመሽ ወደኔ ላኪው።

#12 ሶፋ_ላይ
ሜይ 23

ጥያቄ አለኝ፣ በቅንነት ነው። ክሪስታል ያገኘ ማለት የዓመቱ ምርጥ ማለት ነው?

#13 ባለ12
ሜይ 24

አይደለም። ጥቂት ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ የተስማሙበት ማለት ነው።

2024ን እይ። የረጅም ፊልሙን ክሪስታል የወሰደው የአዳም ኤሊየት የቀንድ አውጣዋ ፊልም ነው። በዚያው ውድድር የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ "ፍሎው" ነበር፤ አንድ ቃል ንግግር የሌለበት የድመት ፊልም። ክሪስታሉ አመለጠው እንጂ የዳኞችና የተመልካች ሽልማትን ጨምሮ አራት ይዞ ሄደ። በማግሥቱ ዓመት ኦስካሩን ወሰደ። የሠሩት ደግሞ በብሌንደር ነው፣ ማንም በነፃ አውርዶ በሚጠቀምበት ሶፍትዌር።

ለአጫጭሮቹ ግን ክሪስታሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለኦስካር ዕጩነት ለመወዳደር በር ይከፍታል። ለዚያ ነው የአጭር ፊልም ሰዎች ሌሊቱን የማይተኙት።

#14 ጭቃ ሹም
ሜይ 24

ስለ አዳም ኤሊየት ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። ሸክላ ነው! በ2009ም አንድ ጊዜ ወስዷል፣ ያኔ ከሌላ የአሻንጉሊት ፊልም ጋር እኩል ተካፍሎ። አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ደገመ። የጣት አሻራ ሸክላው ላይ ይታያል። ያንን አሻራ ማጥፋት ይቻል ነበር እኮ። ሆነ ብለው ነው የተዉት።

#15 ሬንደር_በሌሊት
ሜይ 25

ይሄ ሁሉ የጣት አሻራ ወሬ ደስ ይላል፤ ግን ሁለት ዓመት ቆዩ፣ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ጠራርጎ ይወስደዋል። አምስት ሺህ ሥዕል በአንድ ከሰዓት። አንሲም ይቀበለዋል፣ ሌላ ምርጫ የለውም።

#16 ፒች_በፒች
ሜይ 25

@ሬንደር_በሌሊት "ጠራርጎ ይወስደዋል" ያልከው እኮ የሰው እንጀራ ነው። በ2025 የየአገሩ የአኒሜሽን ሠራተኞች ማኅበራት እዚያው አንሲ ላይ ወጥተው ተቃውመዋል። አዳራሽ ውስጥም ኤአይ የተነካካ ሥራ ሲመጣ የሚጮኸውን ጩኸት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ይቀበለዋል" ከማለትህ በፊት ሄደህ ስማው።

#17 ሬንደር_በሌሊት
ሜይ 25

መጮህ ቴክኖሎጂ አያቆምም። የጽሕፈት መኪና...

#18 አወያይ
ሜይ 25

ለኤአይ የራሱ ክር አለ፤ 400 መልስ ደርሷል። ወደዚያ። እዚህ የልጅቷን ጉዞ እንጨርስ። ሁለት መልስ አንስቻለሁ፤ የጽሕፈት መኪናውም ጭምር።

#19 ብሌን_2ዲ
ጁን፣ ማስያዣው በተከፈተ ቀን

አትስቁብኝ። ሰዓቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር። ቡና አፍልቼ፣ ምርጫዬን በቅደም ተከተል ጽፌ፣ አሥር ደቂቃ ቀደም ብዬ ተቀመጥኩ። ገጹ ሲከፈት ሁሉም ቀይ ነው። ሙሉ፣ ሙሉ፣ ሙሉ። ልቤ ቀጥ አለ። ለካ የሰዓት ልዩነቱን ስቆጥር ተሳስቻለሁ፤ አንድ ሰዓት ዘግይቻለሁ።

የፈለግኋቸው ረጅም ፊልሞች አንዳቸውም አልተገኙም። በንዴት ያገኘሁትን ሁሉ ያዝኩ። የመመረቂያ ፊልም ሁለት ክፍል። አጫጭር ፊልም አራት ክፍል። አንደኛውማ ጠዋት በማለዳ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው።

#20 ባለ12
ያንኑ ቀን

ሶፋው ላይ ያለው ሰውዬ እንኳ እንዲህ ያለ ዕድል አይገጥመውም። ሳትፈልጊ ትክክለኛውን ፕሮግራም ያዝሽ እኮ! ጠዋት ያለውን እንዳትተዪው።

#21 ጭቃ ሹም
ያንኑ ቀን

የኔ ልጅ፣ ለአውሮፕላኑ አፍንጫውን ከበድ አድርጊው። ሁለት ጊዜ አጥፈሽ ወደ ውስጥ። ክንፉን ሰፋ። ከፍ አድርገሽ ሳይሆን ለስለስ አድርገሽ ልቀቂው። ሠላሳ ዓመት የፈጀ ጥናት ነው ያካፈልኩሽ።

#22 ብሌን_2ዲ
ከአንሲ፣ የመጀመሪያው ቀን ሌሊት

ደርሻለሁ! ከጄኔቭ አውሮፕላን ማረፊያ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት፤ ድንበሩን መሻገራችንን እንኳ አላወቅኩም።

አንድ ነገር ማንም ያልነገረኝ አለ። እንዴት አትነግሩኝም?! ቦንሊዩ ትልቁ አዳራሽ ገባሁ፤ ወደ ሺህ ሰው ይይዛል። አውሮፕላኑ ይበራል፣ እሺ፣ ጠብቄዋለሁ። መብራት ጠፋ። በጨለማው ውስጥ ሰው ሁሉ በአፉ ፖፕ፣ ፖፕ፣ ፖፕ ይላል፣ ልክ ውኃ ውስጥ እንዳለ ዓሣ። ከዚያ የፌስቲቫሉ አጭር መክፈቻ ሲጀምር የሆነ ነገር ብቅ አለ፣ አዳራሹ በአንድ ድምፅ "ላፓን!" ብሎ ጮኸ።

ላፓን በፈረንሳይኛ ጥንቸል ነው።

እኔ ሁለት ዓመት ጥንቸል ሳስሮጥ ኖሬ፣ ከዚያ ሽሽት እዚህ ድረስ መጥቼ፣ ሺህ ሰው በጨለማ "ጥንቸል!" ይልብኛል። እያሳቀኝ እንባዬ መጣ። አጠገቤ ያለችው ልጅ "ደህና ነሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳት?

#23 ባለ12
ያንኑ ሌሊት

ሆነ ብለን ነው ያልነገርንሽ። 🐇

የቀኑን መክፈቻ የሚሠሩት ጎብላን የሚባለው የፓሪስ የአኒሜሽን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው፤ ለየቀኑ ሌላ ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ እያነጻጸርሽ ትሄጃለሽ።

#24 ብሌን_2ዲ
ከአንሲ፣ ሦስተኛው ቀን

ዛሬ ጠዋት ያ ሰው ያልፈለገው የአጫጭር ክፍል ነበር። እንቅልፌ ዓይኔ ላይ ነበር። ስምንት ፊልም፣ አንዱ ካንዱ ጋር ምንም አይገናኝም። አንዱ አስጠላኝ፣ ደረቅ ነው። አንዱ ገና አልገባኝም። አምስተኛው ላይ ነቃሁ።

ወረቀት ላይ በከሰል የተሠራ ነው። አንዲት ሴትዮ አልጋ ታነጥፋለች። ያ ብቻ ነው ታሪኩ። አንሶላውን ታራግፋለች፣ አየር ገብቶበት ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ግን ሠሪዋ የቀደመውን ከሰል በደንብ አላጠፋችውም። አንሶላው በሄደበት ሁሉ ግራጫ ጥላ ይቀራል። ሴትዮዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ስታራግፍ ክፍሉ በቀድሞ አንሶላዎች ተሞላ። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ወጣች፣ ጥላው ቀረ። ሙዚቃ የለውም። ሰው ሳል እንኳ አላሳለም።

ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ስፒሉ ሲሉ ግማሹ ነበር የገባኝ። ዛሬ ገባኝ። እኛ ቢሮ ጨርቅ ሲወርድ ኮምፒውተሩ ነው የሚያሰላው፤ እኔ ቁጥር ብቻ ነው የማስተካክለው። አንሶላ እንዴት እንደሚወርድ ለመጨረሻ ጊዜ ቁጭ ብዬ ያየሁት ተማሪ ሳለሁ ነው።

ሠሪዋ ከፊልሙ በኋላ መድረክ ላይ ወጣች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ስንት ጊዜ ፈጀብሽ ሲሏት ሦስት ዓመት አለች። ከዚያ አንዱ "አንሶላውን ከየት አየሽ?" ሲላት "ከእናቴ" ብላ ዝም አለች። ሰውም ዝም አለ።

#25 ጭቃ ሹም
ያንኑ ቀን

እንኳን ሄድሽ።

#26 ሶፋ_ላይ
ያንኑ ቀን

እሺ ተሸነፍኩ። የዚህ ፊልም ስም ማን ይባላል? የት ነው የማገኘው?

#27 ብሌን_2ዲ
ያንኑ ቀን

ሠሪዋን ጠየቅኳት። ገና ብዙ ፌስቲቫል ስለሚዞር ኢንተርኔት ላይ ለማውጣት ጊዜው አልደረሰም አለች። ስለዚህ የትም አታገኘውም 😌

#28 ፒች_በፒች
ያንኑ ቀን

ገበያውስ? ቀጠሮሽ እንዴት ሆነ?

#29 ብሌን_2ዲ
ከአንሲ፣ አምስተኛው ቀን

ሦስት ቀጠሮ ይዤ ነበር፣ እንዳልሽው። አንደኛው ቀረ። ሁለተኛዋ ጨዋ ሰው ናት፤ የማሳየውን አይታ "ጥንቸሉ ጥሩ ነው፣ ሌላ ምን አለሽ?" አለችኝ። ሌላ የለኝም። እውነቱን ነገርኳት። "እንግዲያው ሌላ ሲኖርሽ ጻፊልኝ" ብላ ካርዷን ሰጠችኝ። መጀመሪያ ከፋኝ፤ ከዚያ ሳስበው ትክክል ናት። ሦስተኛው ሙከራ ሥሪ አለኝ። "ስንት ትከፍላላችሁ?" አልኩት። ሳቀ። ከዚያ በእርግጥም እንከፍላለን አለ! ፒች፣ ባለ ውለታዬ ነሽ።

ግን ሐቁን ልንገራችሁ፣ ገበያው ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆይቼ ጭንቅላቴ ዞረ። ሁሉም የአንገት ባጅህን ነው መጀመሪያ የሚያየው፣ ከዚያ ፊትህን። ወጥቼ ሐይቁ ዳር ተቀመጥኩ። ማታ ማታ ፓኪዬ የሚባለው ሜዳ ላይ ግዙፍ መጋረጃ ይተክላሉ፤ በነፃ ነው፣ ባጅም አይጠይቁም። ጁን ላይ ፀሐይ ቶሎ አትጠልቅም፤ እስኪጨልም ይጠበቃል። የከተማው ሰው ልጁን፣ ብርድ ልብሱን፣ ውሻውን ይዞ ይመጣል። አጠገቤ አንድ ሕፃን ፊልሙ ሳይጀምር እንቅልፍ ወሰደው። አባትየው እስከ መጨረሻው አየው።

#30 የጥላ_ልጅ
ያንኑ ቀን

"ሌላ ምን አለሽ?" የሚለው ጥያቄ እኔንም አንድ ጊዜ አግኝቶኛል። መቀሱን ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከሰል ርካሽ ነው ብሌን፣ ልጠቁምሽ ብዬ ነው።

#31 ብሌን_2ዲ
ከአንሲ፣ መመለሻዬ ቀን

ትናንት አንድ የቦይ ዳር የሥዕል ዕቃ መሸጫ ገብቼ ገዛሁ። ሦስት ዱላ ከሰልና አንድ ማጥፊያ። ሻንጣዬ ውስጥ ያለው ነጭ ሸሚዝ ሁሉ አሁን ግራጫ ነው፤ ከረጢቱን በደንብ አልዘጋሁትም ነበር።

#32 ሶፋ_ላይ
ያንኑ ቀን

የሚቀጥለው ዓመት ባጅ መሸጥ የሚጀምረው መቼ ነው? ለጓደኛዬ ነው የምጠይቀው።

#33 ባለ12
ያንኑ ቀን

ለጓደኛህ 😂 አንሲ ካልተሳካለት ሌላም የአኒሜሽን ፌስቲቫል አለ፤ ዛግሬብ ከ1972 ጀምሮ። ኦታዋ ከ1976 ጀምሮ። ሽቱትጋርትም አለ። ለጓደኛህ ንገረው።

#34 ጭቃ ሹም
ያንኑ ቀን

ብሌን፣ ሁሉን ነገርሽን፤ ዋናውን ዘለልሽው። አውሮፕላኑስ? መድረክ ደረሰ?

#35 ብሌን_2ዲ
ያንኑ ቀን

ጋሼ፣ አፍንጫውን እንዳሉኝ አከበድኩ። ለስለስ አድርጌ ለቀቅኩት። ጥሩ ሄደ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ግራ ዞሮ አራተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ አናት ላይ አረፈ። አዳራሹ "ኦኦኦ" አለ። ሰውዬው ሳይዞሩ አወረዱት፣ ክንፉን ትንሽ አስተካከሉት፣ መልሰው ወረወሩት።

የሳቸው ደረሰ።